ድስቱ የማን ነው? «ልጆቻችንን ለትምህርት ብቻ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስልኬ ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። አንዴ ከእህቴ፣ አንዴ ከቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ፣ አንዴ ደግሞ ስሙን ከማላውቀው ሰው። ርእሱ «ልጆቻችንን ለትምህርት ብቻ» ይላል። ጸሐፊው እንደ እኔ አሜሪካ የሚኖሩ ወላጅ ናቸው። የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው። ኮሌጅ የገቡ ልጆቻችን ቅዳሜና እሑዳቸውን በጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር በበጎ ፈቃድ ሥራ ያሳልፋሉ። «የዘር ፍትሕ» የሚባል ነገር ይዟቸዋል። ትግሉ የእኛ አይደለም። ለውጥ አያመጣም፤ ጊዜ ይበላል፤ መዘዝም አለው። ሰዎቹም አይወዱንም። አብዛኛው ልጅ የሚሄደውም ለሲቪው ነው። መርዳት ካማራቸው መጀመሪያ ወገናቸውን ይርዱ። መጨረሻ ላይ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ተረት አምጥተዋል።

ጽሑፉ በክፋት የተጻፈ አይደለም። ለልጅ ከመሳሳት የመጣ ነው። እኔም የኮሌጅ ተማሪ እናት ነኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋሽንግተን፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ወዳለው የጥቁሮች ሰፈር ለበጎ ፈቃድ ሥራ ትሄዳለች። የመጀመሪያውን ዓመት መኪና ስላልነበራት ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ የማወራው ያየሁትን ነው።

ከቃሉ ልጀምር። «ዘር» ሲባል እኛ ሆዳችን ይባባል። አገር ቤት ይህ ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰ፣ ስንቱን ከቀዬው እንዳፈናቀለ አይተናል። ልጅ መጥቶ «ለዘር ፍትሕ ነው የምሠራው» ሲል የደነገጠ ወላጅ አይፈረድበትም። እኔም ደንግጫለሁ። እዚህ ግን ቃሉ የሚያወራው ስለ ቆዳ ቀለም ነው። በቀለሙ ምክንያት ቤት እንዳይገዛ፣ እንዳይመርጥ፣ ደህና ትምህርት ቤት እንዳይገባ የተደረገ ሕዝብ አለ። ያ ሕዝብ የተነፈገውን እንዲያገኝ ማገዝ ነው ነገሩ። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገው ስላዩት ይመስለኛል ፍርሃታቸው የበዛው።

«ትግሉ የእኛ አይደለም፤ እኛ በባርነት አልመጣንም፤ የአድዋ ልጆች ነን» ይላሉ። እውነት ነው፣ በሰንሰለት ታስረን አልመጣንም። በአውሮፕላን ነው የመጣነው። ግን በሩን ማን ከፈተልን? ከ1965 በፊት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሜሪካ ሰው የምትቀበለው በትውልድ አገር ኮታ ነበር። የ1924ቱ ሕግ ለእንግሊዝና ለጀርመን በአሥር ሺዎች መደበ። ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነው። 100! ዛሬ እኛ ሰፈር አንድ ሰርግ ላይ ከዚያ በላይ ሐበሻ ይገኛል። ያ ኮታ የፈረሰው በ1965 ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ በወጡበት ሰሞን፣ በዚያው ግፊት ፈረሰ። በቀለም መለየት አገር ውስጥ ነውር ከሆነ አገር መግቢያው ላይም ነውር ነው ተባለ። ዲቪ በ1990 ሕግ ቆይቶ የመጣ ነው። ኮታው እንደቆመ ቢሆን ኖሮ ግን ዲቪ የሚባል ነገር የሚታሰብም አይመስለኝም።

ግፊቱን ከፈጠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ተማሪዎች ነበሩ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 ግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አራት ጥቁር የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ዉልዎርዝ የሚባል ሱቅ ገቡ። ነጮች ብቻ በሚስተናገዱበት የምሳ ባንኮኒ ላይ ቁጭ አሉ። ቡና አዘዙ። የሚቀዳላቸው ጠፋ። ሱቁ እስኪዘጋ አልተነሱም። በማግስቱ ሌሎች ተጨመሩ። ሳምንቱ ሳያልቅ በመቶዎች ሆኑ። ከዚያ በየከተማው ተዛመተ። ጁላይ ላይ ባንኮኒው ለሁሉም ተከፈተ። እኔና ጸሐፊው ዛሬ የፈለግንበት ቤት ገብተን ማኪያቶ የምናዘው እነዚያ ልጆች ስለተቀመጡ ነው።

የአድዋ ልጅ መሆን ከዘረኛ የሚያድን ቢሆን ሙሉጌታ ስራው ዛሬ በኖረ። ለመማር ነበር አሜሪካ የመጣው። ኖቬምበር 1988 ፖርትላንድ፣ ኦሪጎን ውስጥ ሦስት ነጭ ዘረኛ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ራሱን መትተው ገደሉት። 28 ዓመቱ ነበር። ከየት እንደመጣ አላሳሰባቸውም። ቆዳው በቃቸው። ገዳዮቹን ያነሳሳውን ድርጅት ፍርድ ቤት ገትረው ለቤተሰቡ የተሟገቱለት ጠበቆች እነማን እንደሆኑ ጸሐፊው ቢያስታውሱ ደስ ይለኝ ነበር። ዋናዎቹ የጥቁሮችን መብት በፍርድ ቤት ለማስከበር አላባማ ላይ ከተቋቋመ ድርጅት የመጡ ናቸው። በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ አስፈረዱ። ያኔ «የሐበሻ ጉዳይ ነው» ብለው አላለፉንም።

ይህን ከእኛ ቀድመው የገባቸው የራሳችን ሰዎች አሉ። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማረው ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር አንድ ክፍል ተቀምጦ ነው። ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። ጣልያን ስትወረን የአሜሪካን ጥቁር ሕዝብ ለኢትዮጵያ አስተባበረ። በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ወርልድ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። በዚያው ጦርነት ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ ተነስቶ መጥቶ የንጉሡን አየር ኃይል መራ። በኋላም ተመልሶ የእኛን ልጆች አውሮፕላን ማብረር አስተማረ። በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ያ ሰው አድዋን በልቡ ይዞ ነው የመጣው። እኛ ደግሞ አድዋን ከእነሱ ለመለየት ስንጠቅሰው ያሳዝነኛል።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። «በሳምንት አራት ሰዓት የሚሠራ ተማሪ ምን ይለውጣል?» ብለዋል።

በ1964 ሰመር ወደ 1,000 የሚጠጉ በጎ ፈቃደኞች ጥቁሮችን ለምርጫ ለማስመዝገብ ወደ ደቡብ፣ ሚሲሲፒ ወረዱ። አብዛኞቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ያን ጊዜ እዚያ ክልል ለመምረጥ ከሚችሉት ጥቁሮች የተመዘገቡት ከመቶ 7 አይሞሉም። ልጆቹ ቤት ለቤት ዞሩ። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የምዝገባውን ፎርም አስጠኑ። ወደ 17,000 ሰው ለመመዝገብ ሞከረ። ጽሕፈት ቤቶቹ የተቀበሉት 1,600 ያህሉን ብቻ ነው። በጸሐፊው ሚዛን ይህ ኪሳራ ነው። ግን ያ ሁሉ «አይቻልም» ተብሎ የተመለሰ ሰው አገር ሁሉ ያየው ማስረጃ ሆነ። በዓመቱ የመምረጥ መብት ሕጉ ወጣ። በ1967 የሚሲሲፒ ጥቁሮች ምዝገባ 60 በመቶ ገደማ ደረሰ።

ልጄ የምትሠራው ከዚህ በብዙ ያነሰ ነገር ነው። በቅርብ ስላየሁት ግን ሰፋ አድርጌ ላውራው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ታክስ በነጻ ትሞላለች። ፕሮግራሙ ቪታ ይባላል። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው የተጀመረው። ማንም ተነስቶ አይሞላም። የታክስ መሥሪያ ቤቱን፣ የአይአርኤስን ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው። አንዱ የሞላውን ሌላው ሳያየው አይላክም።

አንድ ቅዳሜ በረዶ ስለበዛ ወደ ቤት ሳልመለስ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። ምድር ቤት ውስጥ ያለ አዳራሽ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ስድስት ላፕቶፕ፣ ጥግ ላይ የምትጮህ ማሞቂያ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ገቡ። ስልሳውን አልፈዋል። የሚሠሩት ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ፖስታ ብቻ ነው፤ ግማሹ አልተከፈተም። ልጄ ስለ ታክስ አላወራችም። «መጀመሪያ እነዚህን አብረን እንክፈታቸው?» አለቻቸው። አንድ በአንድ ከፈተች፤ በየቀናቸው ደረደረች። ሴትየዋ እያንዳንዱ ፖስታ ሲቀደድ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉ ነበር። ያን ነገር አውቀዋለሁ። እኔም አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን ከመንግሥት የሚመጣ ፖስታ እየፈራሁ ሳልከፍት ፍሪጅ ላይ እከምር ነበር።

ሠርተው ትንሽ ለሚያገኙ ሰዎች፣ በተለይ ልጅ ለሚያሳድጉ፣ የሚሰጥ የታክስ ተመላሽ አለ። የሚገባው ሰው ከአምስቱ አንዱ እንደማይጠይቀው ራሱ አይአርኤስ ይናገራል። እኚህ እናት ጠይቀው አያውቁም። የልጅ ልጅ እንደሚቆጠር የነገራቸው የለም። ያለፉትን 3 ዓመታት ወደኋላ ሄዶ መጠየቅም ይቻላል። ልጄ ይህን ስትነግራቸው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ምሳዋን አልበላችም።

«ታክስ መሙላት ከዘር ፍትሕ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሰው ይኖራል። በ2023 መጀመሪያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን አንድ ጥናት አወጣ። አይአርኤስ ጥቁር ግብር ከፋዮችን ከሌላው ሰው ከ2.9 እስከ 4.7 እጥፍ አብዝቶ ኦዲት ያደርግ ነበር ይላል። ፎርሙ ላይ ስለ ቀለም የሚጠይቅ ቦታ የለም። ኮምፒውተሩ ግን በአመራረጡ ይህንኑ ተመላሽ የጠየቁ ድሆችን ያበዛ ነበር፤ ከእነሱም ውስጥ ይበልጥ ጥቁሮቹ ላይ ያርፍ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም በዚያው ዓመት ችግሩ መኖሩን አምነዋል። እንግዲህ አስቡት። መንገድ ዳር ከፍለው ያስሞሉት ፎርም አንድ ስህተት ቢኖረው፣ ለእኚህ እናት የሚመጣው ሌላ ፖስታ ነው። ገንዘቡ ይያዛል፤ ማስረጃ አምጪ ይባላሉ፤ ፖስታው ፌስታሉ ውስጥ ይገባል። በጥንቃቄ የተሞላ ፎርም ከዚያ ያድናቸዋል። የልጄ አራት ሰዓት የዋለው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ጊዜና ስለ ውጤት ብዙ አልልም። አባት ሌሊቱን ሙሉ ኡበር ነድቶ የሚከፍለውን ትምህርት ልጅ መቀለጃ ሊያደርገው አይገባም። ውጤት ከወረደ ይቀነስ፤ ከባሰም ይቁም። በእኛ ቤት ሕጉ ይኼ ነው። እስካሁን ማቆም አላስፈለገም።

«ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ሲገባ መጨረሻው ምን እንደሆነ አይተናል» የሚለውን ግን በቀላሉ አላልፈውም። የእናቴ ታናሽ ወንድም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ማታ ወጥቶ አልተመለሰም። አያቴ እስክትሞት ድረስ የውጭውን በር በቁልፍ አልቆለፈችም። ጸሐፊው «ያ ትውልድ» ሲሉ የሚያስቡትን ሰው ሳላውቀው አውቀዋለሁ። ልጄ መጀመሪያ የነገረችኝ ቀን የመጣብኝ ያ በር ነው።

ሆኖም ስለዚያው ዘመን ሌላም የማስታውሰው ነገር አለ። ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት አውራጃ ወርደው የማገልገል ግዴታ ነበረባቸው። የአሜሪካ ተማሪዎች ሚሲሲፒ በወረዱበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። እናቴን ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማራት ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነው። ጠመኔ ሲያልቅበት በከሰል ይጽፍ እንደነበር እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። አጎቴን የበላው ጠመንጃው ነው፤ ያ የሒሳብ አስተማሪ ማንንም አልገደለም፣ ማንንም አላስገደለም። ልጆቻችን የሚሄዱት ወደ እሱ ዓይነት ሥራ ነው።

መዘዝ ስላሉት ነገር አንድ የምስማማበት አለ። በተማሪ ቪዛ ያለ ወይም ወረቀቱ ያላለቀ ልጅ ሰልፍ ላይ ቢታሰር ጣጣው ከሌላው ይከብዳል። እንዲህ ያለ ልጅ ከመውጣቱ በፊት ጠበቃ ይጠይቅ፤ ወላጅም ይንገረው። ሕፃን ማስጠናት፣ ምግብ ማደል፣ ታክስ መሙላት ግን ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ከረጢት ጨምሮ ማስፈራራት ልክ አይደለም።

«ሰዎቹ አይወዱንም» ለሚለው ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት የዋሽንግተኑን ዘጠነኛ መንገድ ነው። በ2005 የእኛ ነጋዴዎች መንገዱ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ይሰየም ብለው ሲጠይቁ የሰፈሩ ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ተቃውሞው እውነት ነው። ምክንያቱን ግን አልጻፉትም። መንገዱ ያለበት የዩ ስትሪት አካባቢ መለያየት በሕግ በነበረበት ዘመን የጥቁሮች ቲያትር፣ የጥቁሮች ባንክ፣ የጥቁሮች ሙዚቃ ቤት የነበረበት ነው። «ብላክ ብሮድዌይ» ይባል ነበር። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሳው ረብሻ ብዙው ነደደ። ከዚያ ለዓመታት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። የእኛ ሰዎች በርካሽ ተከራይተው፣ ቀን ከሌሊት ሠርተው መንገዱን ሕይወት ዘሩበት። በዚህ እኮራለሁ። ግን አያቶቹ የገነቡትን ሰፈር በእንግዳ ስም ልትጠራው ስትል ባለቤቱ ቅር ቢለው ጥላቻ ነው ወይ? ፒያሳን ወይም አራዳን አንድ ከውጭ የመጣ ሰው በአገሩ ስም ልሰይም ቢል ምን እንል ነበር?

ደግሞ መውደድ ካነሳን እኛስ? ቤታችን ውስጥ ስለ እነሱ ስናወራ የምንጠራቸውን ቃል እናውቀዋለን። እዚህ አልጽፈውም። ልጆቻችን ሰምተውታል። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ ሳሎናችን ውስጥ፣ እንግዶች ፊት፣ «እማዬ፣ ትምህርት ቤት እኔንም እኮ የሚያዩኝ እንደዚያ ነው» ብላኛለች። መልስ አልነበረኝም። ቡናውን ቀድቼ ወጣሁ። ያ ቃል ዳግመኛ ቤቴ ውስጥ አልተነገረም።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ልምጣ። «አብዛኛው ለሲቪ ነው» ብለዋል። አብዛኛው አልልም፤ ግን አለ። ሁለት ቅዳሜ መጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ሰዓቱን አስፈርሞ የሚጠፋ ልጅ አይቻለሁ። ይህ ጉዳት የለውም እንዳትሉ። ልጄ አንደኛ ዓመት እያለች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች ታስጠና ነበር። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የመጀመሪያ ቀን ያላት «አንቺስ እስከ መቼ ነሽ?» ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አራተኛዋ አስጠኚ ነበረች። ያ ልጅ ማንበብ ከመልመዱ በፊት ሰው እንደሚሄድ ለምዷል።

ሚሲሲፒም ላይ ይህ ነበር። ከሰሜን የመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ ሰመሩ ሲያልቅ ተመለሱ። የቀሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ፋኒ ሉ ሄመር የሚባሉ ጥጥ ለቃሚ ሴት ነበሩ። በ1962 ለመምረጥ ልመዝገብ ስላሉ ብቻ 18 ዓመት ከሠሩበት እርሻ በዚያው ቀን ተባረሩ። እሳቸው የትም አልሄዱም። በዚያ በ1964 ሰመር ሦስት የዘመቻው ወጣቶች ተገደሉ። ሁለቱ ነጮች ነበሩ፤ አገር ምድሩ ፈለጋቸው። እነሱ ሲፈለጉ የሌሎች ጥቁር ወጣቶች ሬሳ ወንዝ ውስጥ ተገኘ። አንደኛው የኮሌጅ ተማሪ ነበር። ከሜይ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፤ አገር ተነስቶ አልፈለገውም።

ስለዚህ ጸሐፊው «አይሂዱ» ከሚሉ «ከሄዱ ይቆዩ» ቢሉልኝ እወድ ነበር። ከሴሚስተር በላይ መቆየት የማይችል ልጅ ሕፃን ማስጠናት አይጀምር፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ሞልቷል። ቦታው ላይ ሃያ ሠላሳ ዓመት የሠሩ የሰፈሩ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ያዘዙትን ይሥራ። ልጄ የምትሄድበትን ቦታ የሚመሩት ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው። መጀመሪያ ወር ላፕቶፕ አላስነኳትም። ሰው እንድትቀበል፣ ቡና እንድትቀዳ፣ የመጣውን ሰው በስሙ እንድትጠራ ነው ያዘዟት።

የቀረው ተረቱ ነው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።» ባለፈው መጋቢት ያን ጠረጴዛ ጸሐፊው ቢያዩት ብዬ ተመኘሁ። ከተሰለፈው ሰው አራቱ ሐበሾች ነበሩ። ሁለቱ ሾፌሮች፣ አንዷ ሆቴል የምታጸዳ፣ አንዱ በቅርብ የመጣ ልጅ። አንደኛው ሾፌር አባት ከአይአርኤስ የመጣ ደብዳቤ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋል። ለሦስት ሳምንት ለማንም አላሳዩትም። ልጄ ቀና ብላ «አባባ፣ ይቀመጡ፤ በአማርኛ ላንብብልዎት» ስትላቸው ሰውዬው መጀመሪያ ዙሪያቸውን አዩ። አጠገባቸው፣ ቀጣዩ ወንበር ላይ፣ ያቺ የፌስታሏ እናት ተቀምጠዋል። ዘንድሮ ፌስታል አልያዙም። ፖስታዎቻቸውን ከፍተው፣ በየቀናቸው ደርድረው፣ በክሊፕ ይዘው ነው የመጡት። ለሾፌሩ ቦታ ለመልቀቅ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።